ሙዚቃ በእስልምና፦ ሐራም ነው ወይስ ሐላል?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሴሚስተር የራዲዮ ፕሮግራም ዝግጅት ኮርስ ላይ የገጠመን ነገር ነው። አምስት ሆነን በግሩፕ የአሥር ደቂቃ ፕሮግራም እንድንሠራ ታዘዝን። ርዕሳችን የወሎ የቡና ሥርዓት ነበር። ስክሪፕቱ አልቆ፣ ቃለ መጠይቁ ተቀድቶ የቀረን ኤዲቲንግ ብቻ ነው። መግቢያው ላይ ማጀቢያ ሙዚቃ እናስገባ ሲባል ተራኪያችን የነበረው ልጅ፣ "ሙዚቃ የሚገባበት ከሆነ በእኔ ድምፅ አይሁን፤ ሌላ ሥራ ስጡኝ" አለ። ማስረከቢያው ሁለት ቀን ነው የቀረው። አንዷ ጓደኛችን ተናዳ "ማርካችንን ሊያስበላን ነው!" አለች። ሌላው ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺም ሙስሊም ነሽ አይደል? በእናንተ ሙዚቃ ክልክል ነው እንዴ?" ሲል ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ደሴ ተወልጄ መንዙማ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ቁርኣን ቀርቻለሁ። ስልኬ ውስጥ ደግሞ ዘፈንም አለ። ስለዚህ "እንደ ሁኔታው ነው" ብዬ አመለጥኩ። "እንደ ሁኔታው" ማለት ምን እንደሆነ ግን ራሴም አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኡስታዞችን ስጠይቅ፣ መጻሕፍት ሳገላብጥ ከረምኩ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ እኔ ዓሊም አይደለሁም፣ ፈትዋ ልሰጥም አልተነሳሁም። እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ "ማን ምን አለ? ለምንስ አለ?" የሚለውን ብቻ ነው ለማስረዳት የምሞክረው።

"ሙዚቃ" ስንል ምን ማለታችን ነው?

መጀመሪያ የተረዳሁት ጥያቄያችን ራሱ የተደባለቀ መሆኑን ነው። እኛ "ሙዚቃ" ብለን በአንድ ቃል የምንጠቀልለውን የእስልምና ሊቃውንት ለያይተው ነው የሚያዩት። በድምፅ ብቻ የሚዜመው ጊናእ ይባላል። የሙዚቃ መሣሪያዎች ደግሞ መዓዚፍ ይባላሉ። በአንድ በኩል ብቻ ቆዳ የተወጠረበት ዱፍ የሚባለው ከበሮ የራሱ ብይን አለው። ሃይማኖታዊ መልእክት ያለው ዜማ ነሺዳ ነው። ቁርኣን በዜማ ሲቀራና አዛን ሲባል ደግሞ ለሰሚው ጆሮ የቱንም ያህል ቢያምር ከሙዚቃ አይቆጠርም።

ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛስ "ዘፈን"፣ "መዝሙር"፣ "መንዙማ" እያልን እንለይ የለም? ክርስቲያን ጓደኞቼም ቢሆኑ ብዙዎቹ "ዘፈን ኃጢአት ነው፣ መዝሙር ግን ምስጋና ነው" ሲሉ እሰማለሁ። ከበሮው በሁለቱም ቦታ አለ። እንግዲህ ክርክሩ ከመሣሪያው በላይ ስለ ቦታውና ስለ ዓላማውም ነው ማለት ነው።

ክልክል ነው የሚሉት ምን ይላሉ?

የአራቱ መዝሀቦች (የሐነፊ፣ የማሊኪ፣ የሻፊዒና የሐንበሊ) አብዛኞቹ ሊቃውንት የሙዚቃ መሣሪያዎችን ይከለክላሉ። በሰርግና በዒድ ዱፍ መምታትን ከክልከላው ያወጡታል። ኢብን ተይሚያ (1263-1328 እ.ኤ.አ.) ለዚህ አቋም አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ ናቸው። በእኛ ዘመን ደግሞ ሸይኽ ናሲሩዲን አል-አልባኒ (1914-1999 እ.ኤ.አ.) የሙዚቃ መሣሪያዎችን ክልክልነት የሚያስረዳ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል።

ማስረጃቸው በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ከቁርኣን ነው። ቁርኣን ውስጥ ሙዚቃን በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አንቀጽ የለም። ሆኖም ሱረቱ ሉቅማን ቁጥር 6 ላይ ሰዎችን ከአላህ መንገድ ለማሳሳት "አታላይ ወሬ" የሚገዙ ሰዎች ይወቀሳሉ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረባ የነበሩት ኢብን መስዑድ ይህ ነገር ዘፈን መሆኑን በአላህ ስም ምለው እንደተናገሩ ተዘግቧል። ሁለተኛው ማስረጃ ኢማም አል-ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ነው። ከሕዝባቸው መካከል ዝሙትን፣ ሐርን፣ አስካሪ መጠጥንና የሙዚቃ መሣሪያን የተፈቀደ የሚያደርጉ ሰዎች እንደሚመጡ ነቢዩ መናገራቸውን ይገልጻል። "የተፈቀደ ያደርጋሉ ከተባለ፣ መጀመሪያ ክልክል ነበር ማለት ነው" ይላሉ ከልካዮቹ። አባባሉ ጠንካራ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ነገሩ እዚሁ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አንዲት ቃል ያስነሳችው ክርክር

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ለትምህርት ክፍላችን ልጆች የሚጥም ነገር አለ። ሐዲስን ለሚያስተላልፉ ሰዎች በአማርኛ የምንሰጠው ስም "ዘጋቢ" ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ሥራ ደግሞ ከእኛ ሙያ ጋር የሚመሳሰል ነው፦ ይህን ማን ሰማው? ከማን ሰማው? ሁለቱ ተገናኝተዋል ወይ?

አል-ቡኻሪ ያንን ሐዲስ ሲዘግቡ "ሂሻም ኢብን ዐማር ነገረን" አላሉም፤ "ሂሻም ኢብን ዐማር አለ" ነው ያሉት። የአንዳሉሱ ሊቅ ኢብን ሐዝም (994-1064 እ.ኤ.አ.) ይህችን ልዩነት ያዙ። "ነገረን" ስላላሉ በቀጥታ አልሰሙትም፣ ሰንሰለቱ ተቆርጧል፣ ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም አሉ። በተቃራኒው ኢብን ሐጀር (1372-1449 እ.ኤ.አ.) እና ሌሎች የሐዲስ ሊቃውንት፣ ሂሻም የአል-ቡኻሪ መምህር ስለነበሩ "አለ" ቢባልም መስማታቸው አያጠራጥርም፤ በዚያ ላይ በሌሎች ዘጋቢዎች በኩል ሳይቆረጥ የመጣ ሰንሰለት አለው ሲሉ መለሱ። አብዛኞቹ የሐዲስ ሊቃውንት ከሁለተኛው ወገን ናቸው። እኛ በዜና አጻጻፍ ክፍል "አለ"ና "ነገረኝ"ን እያቀያየርን ስንጽፍ፣ እነሱ በአንድ ግሥ የተነሳ ለዘመናት ተከራክረዋል!

ይፈቀዳል የሚሉትስ?

ኢብን ሐዝም የሉቅማኑን አንቀጽም በሌላ መንገድ ነው የተረዱት። የሚወቀሰው ሰውን ለማሳሳት ብሎ የገዛ ነው፤ ለማሳሳት ብሎ ቁርኣን የገዛ ሰው እንኳ ቢኖር ያው ጥፋተኛ ነው ይላሉ። ስለዚህ ወሳኙ ሐሳብ (ኒያ) ነው።

ፈቃጆቹ ከሚጠቅሷቸው ሐዲሶች አንዱ የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ የተናገረችው ነው። በዒድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች ቤቷ ውስጥ ሲያዜሙ አባቷ አቡበክር ገብተው ተቆጡ። ነቢዩ ግን ዒድ መሆኑን አስታውሰው እንዲተዋቸው ነገሯቸው። ከልካዮቹ ለዚህም መልስ አላቸው፦ ልጃገረዶቹ ዘፋኝነት ሙያቸው እንዳልነበር በዚያው ዘገባ ውስጥ ተጠቅሷል፣ ቀኑም ዒድ ነው፤ ስለዚህ ልዩ ፈቃድ እንጂ አጠቃላይ ሕግ አይሆንም ይላሉ።

ሌላው ሐዲስ እኛን ሐበሾችን ይነካል። በዒድ ቀን ሐበሾች መዲና መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነቢዩ ዓኢሻን ከኋላቸው አቁመው፣ እስክትጠግብ ድረስ እንድትመለከት ፈቅደውላታል። ዑመር ሊከለክሏቸው ሲሞክሩም ተዋቸው ብለዋል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላልም የእኛው ሐበሻ አይደል?

ከቅርብ ዘመን ሊቃውንት፣ ከ1958 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. የአል-አዝሀር መሪ የነበሩት ሸይኽ መሕሙድ ሸልቱት ሙዚቃን በቅድመ ሁኔታ ፈቅደዋል። ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዳዊም (1926-2022 እ.ኤ.አ.) እንዲሁ።

የኢማም አል-ገዛሊ መለኪያ

"እንደ ሁኔታው" ላልኩት ነገር መልስ ያገኘሁት ከኢማም አል-ገዛሊ (1058-1111 እ.ኤ.አ.) ነው። የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ ናቸው፤ ይህ መዝሀብ ደግሞ በሀገራችን ብዙ ተከታይ አለው። "ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን" በተባለው ትልቅ ሥራቸው ውስጥ ስለ መስማት ራሱን የቻለ ክፍል ጽፈዋል። ማዳመጥ በራሱ የተፈቀደ ሆኖ አምስት ነገሮች ግን ክልክል ሊያደርጉት ይችላሉ ይላሉ። በአጭሩ፦

አንደኛ፣ ዘፋኙ፤ ድምፁ ወይም ሁኔታው ወደ ፈተና የሚጎትት ከሆነ። ሁለተኛ፣ መሣሪያው፤ የሰካራሞች መለያ የሆነ መሣሪያ ከሆነ። በገመድ የሚመቱትንና አንዳንድ የትንፋሽ መሣሪያዎችን እዚህ ይመድቧቸዋል፤ ስለዚህ ጊታር እንደልብ ፈቅደዋል ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ግጥሙ፤ ስድነት፣ ውሸት ወይም ስድብ ካለበት። አራተኛ፣ ሰሚው፤ ስሜቱ የሚያሸንፈው ሰው ከሆነ። አምስተኛ፣ ልማዱ፤ ሰውዬው ጊዜውን ሁሉ እዚያ ላይ የሚያጠፋ ከሆነ።

አምስተኛው ላይ ስደርስ ጆሮዬ ላይ የተሰካውን ኢርፎን አውልቄ ማየቴን አልደብቅም። አዛን ሲባል እንኳ ሳልሰማው የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። የግጥሙን ነገር ስከራከር፣ የራሴን ነገር ረስቼው ነበር።

ክርክሩ ሰውን ሲነካ

ይህ ጉዳይ የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ካት ስቲቨንስ በሚል ስም ታዋቂ የነበረው እንግሊዛዊ ዘፋኝ በ1977 እ.ኤ.አ. ሰልሞ ዩሱፍ ኢስላም ተባለ። ጊታሮቹን ለበጎ አድራጎት ሸጦ ሙዚቃውን ተወ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጊታር ይዞ ወደ አልበም ሥራ ተመለሰ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለምን እንደተመለሰ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ እምነት፣ ሁለት አቋም። ማሂር ዘይን የተባለው የነሺዳ አዜማሪ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ በሁለት ዓይነት ነው፦ ሙሉ ሙዚቃ ያለውና በከበሮና በመሰል የምት መሣሪያዎች ብቻ የተሠራ። ሁለቱንም አድማጭ ላለማጣት ይመስለኛል።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ መንዙማ አለ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በግጥም የተደረደረ ማለት ነው። በወሎ በድቤና በጭብጨባ ይባላል፤ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በኦሮምኛ ይገጠማል። ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ ሃይማኖቱን የተማረበት አንዱ መንገድ ነው። ሐረር ደግሞ ዚክሪ አለ። በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ ታጅቦ የሚባል ነው፤ ዚክሪ የሚደምቅበት የሹዋሊድ በዓል በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

አያቴ ከዐስር ሰላት በኋላ ቡና ስታፈላ መንዙማ ታንጎራጉራለች። ታላቅ ወንድሜ ግን ደርስ መከታተል ከጀመረ ወዲህ አይወድላትም። ድቤው፣ ለወሊዮች የሚቀርበው ውዳሴ፣ አብሮት ያለው ጫት፣ ሁሉም ቢድዓ ነው ይላል። አንድ ቀን "እማ፣ ይቅርብሽ" ሲላት፣ "ነቢን ማወደስ ያስተማሩኝ ሸሆች ካንተ ያነሰ ቀርተዋል?" አለችው። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲገባ ዝም ትላለች፤ ሲወጣ ትቀጥላለች። ለዕረፍት ስሄድ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት። የገዛሊን አምስት ነጥብ አዳመጠ፤ የኢብን ሐዝምን ግን አልተቀበለም። "እኔ እኮ ልከለክላት አይደለም፤ የምፈራው ለአኺራዋ ነው" አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ክፋት ይመስለኝ ነበር። ለካስ እሷም እሱም የሚፈሩት አንድ ጌታ ነው። እሷ ስታወድስ፣ እሱ ሲከለክል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ካነበብኩት ተነስቼ የማጠቃልለው እንዲህ ነው። "እስልምና ሙዚቃን ይከለክላል" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ትክክል አይደለም፤ "እስልምና ሙዚቃን ይፈቅዳል" ማለትም እንደዚያው። ትክክለኛው ዘገባ፣ አብዛኞቹ የቀደምት ሊቃውንት መሣሪያን እንደሚከለክሉ፣ በሰርግና በዒድ ዱፍ እንደሚፈቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቅዱ ትልልቅ ሊቃውንትም እንዳሉ የሚናገር ነው። ጋዜጠኛ ሆነን ስንወጣ አንድ ሙስሊም ጓደኛችንን ጠይቀን "ሙስሊሞች እንዲህ ይላሉ" ብለን እንዳንጽፍ አደራ። እኔን የጠየቀኝ ልጅ ያኔ መልሴን ቢያትመው ኖሮ ጉድ ነበር!

የራዲዮ ፕሮግራማችን ምን ሆነ? በመጨረሻ ሙዚቃውን ተውነውና ቡና ሲቆላ የሚንጣጣውን፣ ሙቀጫው ሲወቀጥ፣ ሲኒው ሲንኳኳ ያለውን ድምፅ ቀድተን ማጀቢያ አደረግነው። ተራኪያችን አነበበ፤ ማርካችንም አልተበላ። ነገር ግን ራሴን አላታልልም። ርዕሳችን ቡና ስለሆነ ቀለለን እንጂ የአንድ ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ቢሆን ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? እሱ አልሠራም ሊል መብቱ ነው፤ ፕሮግራሙም ያለ ዘፈኑ አይሆንም። አዘጋጁ ማን ይሁን፣ ተራኪው ማን ይሁን የሚለውን ሥራው ሳይጀመር መነጋገር ይሻል ነበር። እኛ የተነጋገርነው ሁለት ቀን ሲቀረን ነው።

እኔ መንዙማዬን አልተውኩም። ኢርፎኔን ግን አዛን ሲባል አወልቃለሁ። ሌላውን አላህ ያውቃል። ቸር ይግጠመን።