የባጃጅ ማርሽ አልገባ ሲል፦ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች

በአገራችን ከተሞችና በገጠር ቀበሌዎች በተለምዶ ባጃጅ እየተባለ የሚጠራው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሰውንም ዕቃንም በማጓጓዝ ሰፊ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙ የቴክኒክ ችግሮች አንዱ የማርሽ አለመቀያየር ነው። ማርሹ አልገባም ይላል፣ ገብቶ ተመልሶ ይወጣል፣ ወይም ሲገባ የመፋጨት ድምፅ ያሰማል። በዚህን ጊዜ ፈጥኖ የሚሰማው ምክር “ካምቢዮው ይውረድ” የሚል ነው። ካምቢዮ ማውረድ ግን ከፍ ያለ ወጪና ከሥራ ውጭ የሚያልፉ ቀናትን የሚጠይቅ እርምጃ ሲሆን፣ የችግሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው ውጭ በሚገኝ ካቦ፣ በፍሪሲዮን ማስተካከያ ወይም በዘይት ላይ ሆኖ ይገኛል።

ጉዳዩ የወጪ ብቻ አይደለም። ተሳፋሪ ጭኖ ቁልቁለት በመውረድ ላይ ያለ ባጃጅ ማርሹ በራሱ ቢወጣ፣ ሞተሩ ተሽከርካሪውን ይዞ የማዘግየት አቅሙ ወዲያውኑ ይቋረጣል፤ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም አሽከርካሪዎችና የተሽከርካሪ ባለቤቶች የችግሩን ዓይነት ለይተው እንዲያውቁ ለማገዝ ይህ ማብራሪያ ተዘጋጅቷል።

የማርሹ አሠራር

በአብዛኞቹ የቤንዚን ባጃጆች ላይ አራት የፊት ማርሾችና አንድ የኋላ ማርሽ ይገኛሉ። አሽከርካሪው በግራ እጁ የሚይዘው የመሪ መያዣ ሁለት ተግባር አለው። ከፊቱ ያለው ማንሻ ሲጨበጥ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ መያዣው ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዞር ደግሞ ማርሹን ይቀይራል። እጅ ከካምቢዮው ጋር በቀጥታ የተገናኘ አይደለም፤ በመካከላቸው ከመሪው ተነሥተው በወለሉ ሥር አልፈው ከኋላ ወንበር በታች እስካለው ሞተር የሚደርሱ ረጃጅም ካቦዎች አሉ። ለማርሽ የሚያገለግሉት ካቦዎች ሁለት ሲሆኑ፣ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይለቃል። አንደኛው ከላላ ወይም ከተበጣጠሰ መያዣው “ሁለት” የሚለውን ቁጥር እያመለከተ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማርሽ ግን በአንዱና በሌላው መካከል ሊቀር ይችላል። ይህን መረዳት ለምርመራው ግማሹን መንገድ እንደ መጓዝ ነው፤ ምክንያቱም እጅ የሚያዘውና ካምቢዮው የሚቀበለው ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል።

ፍሪሲዮኑ ተደራርበው የሚገኙ ቀጫጭን ዲስኮች ሲሆኑ፣ በዘይት ውስጥ ሆነው ይሠራሉ። ማንሻው ሲጨበጥ ዲስኮቹ ይለያያሉ፣ የሞተሩ ኃይልም ከካምቢዮው ይቋረጣል። ሙሉ በሙሉ ካልተለያዩ በመሽከርከር ላይ ያለ ጥርስ ሌላ ጥርስ እንዲይዝ ይገደዳል፤ የሚሰማው የመፋጨት ድምፅም ከዚህ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ፍተሻ፦ ሞተር ጠፍቶና ሞተር ተነሥቶ

የተሻለው ጅማሬ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ተሽከርካሪውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ከዚያም ፍሪሲዮኑን ጨብጠው ተሽከርካሪውን በትንሹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ማርሾቹን አንድ በአንድ ያስገቡ። ማንቀሳቀሱ የሚያስፈልገው ቆሞ ባለ ተሽከርካሪ ላይ ጥርሶቹ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ሊከለክሉ ስለሚችሉ ነው፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ከከበደ ወይም መያዣው በግድ የሚዞር ከሆነ፣ ችግሩ ካቦው ላይ ወይም በካምቢዮው ማዞሪያ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በቀላሉ እየገባ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ በሚገባ አለመልቀቁን ያመለክታል። ይህን አንድ ልዩነት ለመካኒኩ መንገር የሚችል አሽከርካሪ፣ አላስፈላጊ ሥራ እንዳይሠራበት ራሱን ጠብቋል ማለት ይቻላል።

በተጨማሪም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚሠራበት ፍጥነት፣ ማለትም ሚኒሞው፣ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ከተስተካከለ አንደኛ ማርሽ ሲገባ መንቀጥቀጥና መፋጨት ይፈጠራል። ጠዋት ሞተር እንዳይጠፋ በሚል ሚኒሞን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ለካምቢዮው ግን ጎጂ ልማድ ነው።

ካቦዎች

በካቦ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚጀምረው በሁለቱ ጫፎች ነው። በመሪው በኩል ካቦው ከማንሻውና ከመያዣው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ከኋላ ደግሞ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ ይመልከቱ። ከተገመዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ጥቂቶቹ ተበጥሰው ብቅ ብለው ከታዩ ካቦው ሙሉ በሙሉ እስኪበጠስ መጠበቅ አይገባም። የላይኛው ሽፋን ተሰንጥቆ ከሆነ ጭቃና ውኃ ይገባበታል፤ በክረምት ጥሩ የነበረ ማርሽ በበጋ የሚከብደው የገባው ጭቃ ስለሚደርቅና ሽቦው ስለሚዝግ ነው።

መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙረው ማርሹን ይሞክሩ። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ካቦው የሚያልፍበት መስመር ጠብቧል ወይም የሆነ ቦታ ተጣጥፏል። ይህ በተለይ ተሽከርካሪው የግጭት ጥገና ከተደረገለት ወይም የሬዲዮና የመብራት ሽቦ ተጨማሪ ከተዘረጋበት በኋላ ያጋጥማል።

የፍሪሲዮን ማስተካከያ

የፍሪሲዮን ማንሻ ሲነካ ካቦው መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። ለብዙዎቹ ሞዴሎች ይህ ልክ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ትክክለኛው መጠን ከተሽከርካሪው ጋር በተሰጠው የአጠቃቀም መመሪያ ላይ ይገኛል። ባዶ እንቅስቃሴው ሲበዛ ማንሻው እስከ መጨረሻው ቢጨበጥም ዲስኮቹ አይለያዩም፤ አንደኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን እንደተጨበጠ ተሽከርካሪው ወደ ፊት መሳብ ከጀመረ ምልክቱ ይህ ነው። ባዶ እንቅስቃሴው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል፤ ዲስኮቹ አጥብቀው አይያያዙም፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም፣ ዲስኮቹም ይቃጠላሉ። ማስተካከያው በካቦው ጫፍ ያለውን ብሎን በማዞር የሚከናወን ሲሆን፣ ከተስተካከለ በኋላ መቆለፊያ ዳዶውን ማጥበቅ መረሳት የለበትም። ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ተዞሮ ልኩ ካልመጣ ካቦው ረዝሟል ወይም ዲስኮቹ አልቀዋል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የመካኒክ ሥራ ነው።

ዘይት

ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። በባለ አራት ምት ባጃጆች ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው በአንድ ዘይት ይጠቀማሉ። በመሆኑም ለመኪና የተዘጋጀና መንሸራተትን የሚጨምር ቅመም ያለበት ዘይት ሞተሩን ባይጎዳ እንኳ ፍሪሲዮኑን እንዲንሸራተት ያደርገዋል። በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተዘጋጁ ዘይቶች በዕቃቸው ላይ “ጃሶ ኤም ኤ” የሚል ምልክት ስላላቸው ሲገዙ ይህን ማየት ጠቃሚ ነው። ድምፅ ለማጥፋት ተብሎ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት መጨመርም የተሳሳተ አሠራር ነው። ዲስኮቹ እርስ በርስ እንዲጣበቁ ስለሚያደርግ፣ በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ አካባቢዎች በማለዳ ማርሽ ለማስገባት ያስቸግራል። በቀድሞዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞዴሎች የሞተሩ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቃጠል በመሆኑ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ የሁለቱን አሠራር ማደባለቅ አይገባም።

ዘይቱ ሲፈተሽ መልኩም ይታይ። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ያሳያል፤ ጎርፍ ያቋረጠ ተሽከርካሪ ላይ ይህን መመርመር ተገቢ ነው። ዘይት ሲቀየር በሚወርደው ዘይት ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ካቦ ማስተካከል ትርጉም የለውም፤ ተሽከርካሪው ሳይነዳ ወደ ጋራዥ መወሰድ አለበት።

ገብቶ የሚወጣ ማርሽ

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በመጀመሪያ የማርሽ ካቦዎቹ ልክ ይስተካከል፤ ካቦው አጭር ሆኖ ማርሹን እስከ መጨረሻው ካልገፋው በጫፍ የተያዘው ጥርስ ጭነት ሲበዛበት ይለቃል። ካቦዎቹ በትክክል ተስተካክለውም አንድ የተወሰነ ማርሽ፣ ለምሳሌ ሦስተኛው ብቻ፣ ነዳጅ ሲቀነስ የሚወጣ ከሆነ ውስጥ ያሉት የማርሽ ጥርሶች ጠርዝ ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ መሰል ብረት ማለቁን ያመለክታል። ማርሹን በእጅ ይዞ እየተከላከሉ መንዳት መፍትሔ አይሆንም፤ ሹካውን ይበልጥ ይበላዋል፣ አሽከርካሪውም አንድ እጁን ያጣል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ በበርካታ ከተሞች የሚታይ ልማድ ነው። ማርሹ የሚያስቸግር ተሽከርካሪ ላይ ይህ ልማድ በእጅጉ ይከፋል፤ ፍሬኑ ሲሞቅና ሲደክም አሽከርካሪው ማርሽ ለማስገባት ይሞክራል፣ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ማርሹ አይገባም። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባትና ከዚያ አለመውጣት ያስፈልጋል።

የኋላ ማርሽን በሚመለከት ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማስገባት እንደማይፈቀድ ማስታወስ ይበቃል። አብዛኛው የኋላ ማርሽ ብልሽት ከዚህ ጥድፊያ የሚመጣ ነው።

የባለቤትና የአሽከርካሪ ድርሻ

ባጃጁ የሌላ ሰው ሆኖ አሽከርካሪው የቀን ገቢ የሚያስገባ ከሆነ፣ የማርሽ ችግር ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቆያል። አሽከርካሪው ተሽከርካሪው የሚቆምበት ቀን ከራሱ ገቢ እንዳይቀነስ ይሰጋል፤ ባለቤቱም ችግሩን የሚያውቀው ካምቢዮው ከተሰበረ በኋላ ነው። ካቦና ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜ፣ ለጥገና የቆመ ቀን ሒሳብም በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይህን ክፍተት ይዘጋል።

ሞተር ወይም የሞተር ቤት ሲለወጥ

በባጃጅ ላይ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ የተሠራ በመሆኑ፣ ጥገናው ሲከብድ ሙሉ ሞተሩን በሌላ መለወጥ ይመረጣል። በዚህ ጊዜ የሞተር ቁጥሩ አብሮ ይለወጣል። ተሽከርካሪዎች በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚመዘገቡ ሲሆን፣ በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥርና በተሽከርካሪው ላይ የተመታው ቁጥር ካልተመሳሰሉ በዓመታዊ ምርመራ፣ በሽያጭም ሆነ በአደጋ ጊዜ ባለንብረቱን ለችግር ይዳርጋል። ስለሆነም ሞተር ከመገዛቱ በፊት የሻጩ ማንነትና የሞተሩ ሕጋዊ ሰነድ ይረጋገጥ፤ የግዥውን ደረሰኝ ይያዙ፤ ለውጡንም ተሽከርካሪው ለተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሊብሬውን ይዘው በመቅረብ ያሳውቁ። ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ተጨማሪ ሰነዶችና የአገልግሎት ክፍያው ከክልል ክልል ሊለያይ ስለሚችል ሥራው ከመጀመሩ በፊት እዚያው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ይመረጣል።