በማን ሰዓት እንገናኝ?

ቨርጂኒያ የሚኖረው ልጅ በቤተሰቡ የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ «እሁድ በ8 ሰዓት ሁላችንም እንግባ» ብሎ ጻፈ። ወሩ ሰኔ ነው። ሰሜን ወሎ፣ ውርጌሳ ያሉት እናቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቡና አቀራርበው ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አኖሩ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካውም አለቀ፤ ልጁ የደወለው 9 ሰዓት ላይ ነው። እሱ ያሰበው በራሱ ስልክ ላይ የሚታየውን የጠዋት 8 ነበር። ጂዳ ያለችው እህቱ ደግሞ ስልኳ 8 እስኪል ጠብቃ፣ እኛ ማታ 2 ሰዓት በምንለው ጊዜ ስትገባ ማንንም አላገኘችም።

ይህን ያየሁት እኔ በማውቀው ቤት ነው፤ ጥፋተኛ ግን የለበትም። ከሐብሩና ከወልዲያ አካባቢ ልጁን ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኤምሬትስ፣ ወደ ቤሩት ወይም ወደ አሜሪካ ያልሸኘ ዘመድ ማግኘት ይከብዳል። በስልክ መሰባሰብም ቡና እንደመጠጣት ያለ የዘመድ ወግ ሆኗል። የሚያስቸግረው የአገሮቹ ርቀት ብቻ አይደለም፤ የበለጠ የሚያስቸግረው የሰዓቱ አጠራር ነው።

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ስልኩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ስልኩ ከእኛ አጠራር ሁልጊዜ በ6 ይለያል። ሪያድና ጂዳ ከኢትዮጵያ ጋር ፍጹም እኩል ናቸው፤ የደቂቃ ልዩነት እንኳ የለም። ሆኖም ቀጠሮ የሚጠፋው ከእነሱም ጋር ነው፤ አንዱ «2 ሰዓት» የሚለውን ሌላው ስልኩ ላይ 8 ሆኖ ስለሚያየው። ውጭ የኖረ ሰው ደግሞ ይቀላቅላል፦ ዋሽንግተን ተቀምጦ በአማርኛ «8 ሰዓት» ሲል፣ የስልኩን 8 ሊሆን ይችላል፣ በሐበሻ አቆጣጠር የዋሽንግተንን ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ለእናቱ አስቦ የውርጌሳንም ሊሆን ይችላል።

ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ የምትቀርበት ወቅት አለ። በዚያን ጊዜ በውርጌሳ አጠራር ካለው ሰዓት 1 ሲቀነስ በዋሽንግተን ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ይገኛል፤ እዚህ ማታ 2 ሲሆን እዚያ ቀን 1 ነው። ቁጥሮቹ እንዲህ መቀራረባቸው ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ልዩነቱ 8 ሰዓት በሚሆንበት ወቅት የሚቀነሰው 2 ነው።

ወቅቱን «በጋ» እና «ክረምት» ብሎ መለየት አያዋጣም፤ የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። በወር ስም መያዝ ይሻላል። አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በፈረንጆቹ ማርች ሁለተኛ እሁድ፣ ማለትም መጋቢት ሲጠባ ነው፤ የምትመልሰው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ነው። አውሮፓ ደግሞ በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁዶች ትቀይራለች። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስና እኛ አንቀይርም። ውርጌሳ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አይለዋወጥም፤ ከንጋት መቁጠራችንም የሚያስኬደን ለዚሁ ነው።

የ2018ን ጥቅምት እንውሰድ። ቀጠሮው ሁልጊዜ ቅዳሜ በውርጌሳ ማታ 2 ሰዓት ነው እንበል። ጥቅምት 8 ቀን በስልክ ላይ ሪያድ ማታ 8፣ ዱባይ ማታ 9፣ ለንደን ማታ 6፣ ዋሽንግተን ቀን 1፣ ሲያትል ጠዋት 4 ሳይሆን 10 ይላል (4 የሚሆነው በእኛ አጠራር ነው)። ጥቅምት 22 ላይ ለንደን 5 ይሆናል፤ ዋሽንግተን ግን ገና 1 ነው። ጥቅምት 29 ዋሽንግተንም 12 ይላል። በእነዚህ ሳምንታት ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት እንደገና መልእክት መላክ ግድ ነው።

እኔ የምመክረው መልህቁ የእናት ቤት ሰዓት እንዲሆን ነው። «ቅዳሜ ጥቅምት 8፣ በውርጌሳ ማታ 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ፤ ከሥሩ ለእያንዳንዱ አገር ስልክ ላይ የሚታየውን ቁጥር ጠዋት፣ ቀን ወይም ማታ ከሚል ቃል ጋር መደርደር። ቀኑን በቁጥር ብቻ አለመጻፍም ያስፈልጋል፦ 11/5 ተብሎ የተላከ ጥምቀት ውጭ ላደጉ ልጆች ሌላ ወር ነው። ቀጠሮው ሌሊት ላይ የሚውል ከሆነ «ለእሁድ አጥቢያ» ማለት ያስፈልጋል። በወሎ ይህ በተለይ ይነካናል፤ በእስልምና ቀኑ ከመግሪብ ስለሚጀምር «የጁምዓ ሌሊት» ሲባል የሐሙስ ማታ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስላለ፣ የጁምዓ ሰላትና የእሁድ ቅዳሴ፣ በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያ ሰዓት አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሰዓቱን የሚመርጠው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ግሩፑን የከፈተው፣ ኢንተርኔቱ የማይቆራረጥበት ሰው ይመርጣል። ይህ ልክ አይመስለኝም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት በሰው ቤት የምትሠራው ልጅ ናት፤ ጊዜዋ የራሷ አይደለምና። የሳዑዲ የሳምንት ዕረፍት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ለቤት ሠራተኛ ግን እንግዳ የሚበዛበት ቀን ሊሆን ይችላል። ስልክ የምትይዘው ሌሊት 5 ላይ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ቤተሰቡ ለእሷ ሲል ያምሽ። የመተግበሪያውም ነገር አለ፦ ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ቦቲምን የመሰለ የተፈቀደ መተግበሪያ መያዝ ያስፈልጋል። ዙም በነጻ ሲሆን 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል።

አገር ቤት ደግሞ የመብራትና የኔትዎርክ ችግር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ወራት፣ ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ በኋላም የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ፣ ስንቱ ቤተሰብ ድምፅ ሳይሰማ እንደከረመ የሰሜን ወሎ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ኢንተርኔቱ እንቢ ካለ ማን በተራ ስልክ እንደሚደውል አስቀድሞ ይወሰን፤ ምስሉም ይቅር፣ ድምፅ ብቻ ይበቃል። የእናት ምርቃትና የአባት ዱዓ ደግሞ መጨረሻ ላይ አይቆይ፤ መስመሩ ሳይቆረጥ፣ ገና ሁሉም ገብቶ እንዳለቀ ይባል።