የቆቦ ማሽላ ገበያ በሚያዝያ ይጀመራል

በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆላ እህል የሚሸምት ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ኅዳር ላይ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ነው። የዋጋው ነገር ግን ከዚያ ወራት አስቀድሞ መልክ ይይዛል። የቆቦ ገበሬ ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉትን ረጃጅም የአገር ማሽላዎች የሚዘራው በበልጉ ርጥበት፣ በሚያዝያ ገደማ ሲሆን፣ ዘሮቹ እስኪደርሱ ግማሽ ዓመት ያህል መሬት ይይዛሉ። በልጉ ከቀረ ወይም ቡቃያውን የሰኔ ፀሐይ ከመታው ገበሬው ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ አለዚያም በሐምሌ ጤፍ ይዘራበታል። በመሆኑም በልጉ በከዳ ዓመት ማሽላው ያንሳል፣ የጤፉ ማሳ ይሰፋል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ነገር ለዚህ ገበያ ትርጉሙ ይኸው ነው። በ2007 ዓ.ም ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት በደረሰው ድርቅ በቀጣዩ ዓመት በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር፤ ሰሜን ወሎም ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው።

እንዲህ ላለው ዓመት ከተዘጋጁት መሣሪያዎች ቀዳሚው ዘር ነው። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች በ1992 ዓ.ም ገደማ የተለቀቁ ሲሆን፣ ቶሎ ይደርሳሉ፣ አቀንጭራንም ይቋቋማሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ማግኘታቸው ይታወሳል። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለዚሁ ለዝናብ አጠር ቆላ ሆርማትና ግራና አንድ የተሰኙ ዝርያዎችን አውጥቷል።

ታዲያ ገበሬው ጠቅልሎ ያልተቀበላቸው ለምንድን ነው? አዲስ ነገር ስለሚፈራ ነው የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ገበሬው የሠራው ሂሳብ ነው። ለእርሱ ማሽላ ሁለት ሰብል ነው፤ እህልና አገዳ። አገዳው በበጋ የበሬ ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ቶሎ የሚደርሱት ዝርያዎች ግን አጫጭር በመሆናቸው ጓዳውን ሲሞሉ በረቱን ያጎድላሉ። ከሁሉ ቀድሞ በደረሰ ማሳ ላይ ደግሞ የአካባቢው ወፍ ሁሉ ይሰፍራል፤ ይህንን ከምርምር ጣቢያው ይልቅ ወፍ ጠባቂው ልጅ አሳምሮ ያውቀዋል።

ይህ ነጋዴውንም ይመለከታል። አገዳ በታጣበት ዓመት ቀለብ ያጣው ከብት በአንድ ሰሞን ለገበያ ስለሚወጣ፣ የእህሉ ዋጋ ሲወጣ የበሬው ዋጋ ይወርዳል። ገበሬው በሁለቱም በኩል ይከስራል። መኖ አስቀድሞ ያከማቸ ከብት አድላቢ ግን በርካሽ የገዛውን በሬ አቆይቶ መሸጥ ይችላል። በቆቦና በወልዲያ መካከል ገንዘብ ለማዋል የሚያስብ ሰው ከአንድ ተጨማሪ የእህል መጋዘን ይልቅ የአገዳና የሣር ክምችት ቢያስብ አያስቆጭም።

ሁለተኛው መሣሪያ ውኃ ነው። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ መምራት የአካባቢው ሰው የቆየ ጥበብ ነው፤ ቆላው ባይዘንብለትም ደጋው ከዘነበ ማሳው ይጠጣል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የከርሰ ምድር ውኃን ለመስኖ በማውጣቱ ሽንኩርትና ቲማቲም የአካባቢው የገበያ ሰብሎች ሆነዋል። በመጀመሪያ የጠብታ መስኖ ተዘርግቶ የነበረ ቢሆንም ብዙው ገበሬ ወደለመደው የቦይ መስኖ ተመልሷል። ፓምፑም ያለ መብራት ወይም ያለ ናፍጣ አይሠራም። በዚህ ላይ ጦርነቱ በ2013 ክረምት ከዚያም በ2014 ማብቂያ ቆቦን ያዳረሰ ሲሆን፣ የስሪንቃ ማዕከልም ከዝርፊያ አላመለጠም። ሽንኩርቱ የራሱ ጣጣ አለው፤ በቂ ማቆያ ስለሌለ ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያወጣው ዋጋው በጭነት መኪናው ባለቤት እጅ ይወድቃል።

ኢንሹራንስም አለ። በትግራይ አዲ ሃ በተባለ ሥፍራ በ2001 ዓ.ም በ200 አባወራዎች የተሞከረው የዝናብ ኢንሹራንስ ካሳ የሚከፍለው ሳተላይት በሚለካው ዝናብ መሠረት ነው። ማሳ ለማሳ የሚዞር ገማች ስለማያስፈልገው ወጪው ይቀንሳል። በቆቦ ግን ችግር ይገጥመዋል። በደጋ ጎርፍ የሚጠጣ ማሳ ሳተላይቱ ቆላው ላይ የሚያየውን አይከተልም፤ ጎርፉ የቀረበት ገበሬ ካሳ ሳያገኝ፣ ማሳው የጠጣለት ጎረቤቱ ሊከፈለው ይችላል። ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልግ ኩባንያ ጎርፉ የሚያጠጣውንና የማያጠጣውን ማሳ ለይቶ ቢጀምር ይሻለዋል።

ትንበያው በአንጻሩ ለማንም ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግም ለክረምትም አስቀድሞ ትንበያ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ማየት ይቻላል፤ በሐምሌ ማገባደጃ ማሽላው ተገልብጦ ጤፍ የተዘራበት ማሳ ከበዛ፣ የማሽላ ውል የያዘ ደላላ ዋጋውን እንደገና ቢነጋገር ይበጀዋል።