ምልክቱ ይለፍ፣ ሙቀቱ ይቅር

የሬዲዮ ሞገድ መስመርን ሳይቆርጡ ሙቀትን መቁረጥ፦ ከሬዲዮ ቴሌስኮፕ እስከ ኳንተም ኮምፒውተር የዘለቀ ጥበብ

የኳንተም ኮምፒውተር ፎቶግራፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ዓይናችሁን መጀመሪያ የሳበው ወርቅ የተቀቡት ክብ ዝርግ መዳቦችና በመካከላቸው ወደ ታች የሚወርዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች መሆናቸው አይቀርም። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ያ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩ ግን ከሁሉም በታች የተቀመጠች ጥፍር የምታክል ቺፕ ናት። ከእሷ በላይ የሚታየው ግርማ ሁሉ ማቀዝቀዣ ነው። ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ቺፗ የሚያወርዱና መልሷን ይዘው የሚወጡ ኮአክሲያል ኬብሎች ናቸው።

የኬብሎቹ የላይ ጫፍ በክፍሉ ሙቀት ላይ ነው፤ 300 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም 27 ዲግሪ ሴልሺየስ። የታች ጫፋቸው ከፍጹም ዜሮ የሚበልጠው በአንድ ዲግሪ መቶኛ ወይም በሁለት መቶኛ ብቻ ነው። ከዋክብት የሌሉበት የሩቁ ጠፈር እንኳ 2.7 ኬልቪን ሙቀት አለው፤ የቺፗ ማረፊያ ከዚያም ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀዘቅዛል። እነዚህን ሁለት ዓለማት የሚለያቸው ርቀት ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ኬብሉ ሁለቱን ማገናኘት አለበት፤ ምልክቱን ሲያሳልፍ ግን ሙቀቱን ማስቀረት ይጠበቅበታል።

ስለ ኳንተም ዘመን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ቺፑ ነው። ከጀርባው ያለው ጥበብ ግን በመስመሩና በመጋጠሚያው ላይ ይገኛል። ይህን ጥበብ ማወቅ የሚገባን፣ የማሽኖቹን ዕድገት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እሱ ስለሆነ ነው።

አንድ ተሸካሚ፣ ሁለት ሸክም

ችግሩ የሚነሳው ከራሱ ከብረት ተፈጥሮ ነው። በብረት ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ሙቀትንም በአብዛኛው የሚሸከሙት እነዚያው ናቸው። ከሚፈላ ወጥ ውስጥ የተረሳ የብረት ጭልፋ እጅ የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ጉስታቭ ዊድማንና ሩዶልፍ ፍራንዝ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ዝምድናውን በልኬት አሳዩ፤ ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያሳልፍ ብረት በዚያው መጠን ሙቀትንም ያሳልፋል። በ1872 ደግሞ ዴንማርካዊው ሉድቪግ ሎሬንዝ ይህ ዝምድና ከሙቀት መጠን ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ አስረዳ። ሕጉ ዛሬም የማቀዝቀዣ መሐንዲሶችን ሥራ ከባድ የሚያደርግ እውነት ነው።

ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቁጥር እንየው። ሁለት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለውና ሁለመናው ከመዳብ የተሠራ አንድ ኮአክሲያል ኬብል 50 ኬልቪን ላይ ያለውን የማቀዝቀዣ ደረጃ 4 ኬልቪን ላይ ካለው ጋር ያገናኝ እንበል፤ ርዝመቱም 30 ሴንቲሜትር ይሁን። እንደ መዳቡ ጥራት ቢለያይም፣ በዚህ ኬብል ሩብ ዋት ያህል ሙቀት ወደ ታች ይፈስሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ4 ኬልቪን ላይ የሚሠራ የተለመደ ማቀዝቀዣ ሊያስወግድ የሚችለው ሙቀት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዋት ነው፤ ለዚያውም ከግድግዳው አሥር ኪሎዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ስቦ። ስለዚህ ስምንት የመዳብ ኬብሎች ብቻ የማቀዝቀዣውን አቅም አሟጠው ይጨርሱታል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ደግሞ ብሶ ይገኛል፤ በመጨረሻው ደረጃ ማቀዝቀዣው የሚችለው ሙቀት የሚለካው በማይክሮዋት ነው።

ሞገዱ የሚሄደው በላይ ላዩ

የመጀመሪያው መፍትሔ የተገኘው ከሞገዱ ጠባይ ነው። ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሽቦው ሙሉ ውፍረት ውስጥ ይሄዳል። ድግግሞሹ ከፍ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ግን የብረቱን ላይ ላዩን ብቻ ይዞ ነው የሚጓዘው። ኪዩቢት የሚባሉትን የቺፗን የስሌት አሃዶች ለማዘዝ በሚያገለግለው በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ በክፍል ሙቀት ላይ ባለ መዳብ ውስጥ ሞገዱ የሚጠልቀው ከአንድ ማይክሮሜትር ላነሰ ጥልቀት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ሙቀት ግን እንዲህ አይደለም፤ የብረቱን ሙሉ ውፍረት ይጠቀማል። ጥበቡ የተወለደው ከዚህ ልዩነት ነው። ሞገዱ የሚፈልገው ስስ ሽፋን ብቻ ከሆነ፣ አካሉን ሙቀት ከማያሳልፍ ነገር ሠርቶ ላዩን ጥሩ አስተላላፊ መቀባት ይቻላል። በገበያ ስቴንለስ የሚባለው አይዝጌ ብረት ለዚህ ተመራጭ ነው። በክፍል ሙቀት መዳብ ከእሱ 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። በ4 ኬልቪን ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከሺህ እጥፍ ይበልጣል። ቅድም ያሰላነው የመዳብ ኬብል በአይዝጌ ብረት ቢተካ፣ ሩብ ዋት የነበረው ፍሰት ከአንድ ሚሊዋት በታች ይወርዳል።

አይዝጌ ብረት ግን ለሞገዱም ደካማ መንገድ ነው፤ ምልክቱ በጉዞው ይደክማል። ለዚህ ነው መሐንዲሶች የመሐል ሽቦውን ወይም ዌቭጋይድ የሚባለውን የሞገድ ቱቦ የውስጥ ግድግዳ ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ የሚቀቡት። ቅቡ ከሳሳ ሞገዱ ይጎዳል፤ ከወፈረ ሙቀቱ መንገድ ያገኛል። ትክክለኛውን ውፍረት መምረጥ እያንዳንዱ ማይክሮሜትር የሚቆጠርበት ሥራ ነው።

ሕጉ የሚላላበት ቦታ

ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ሂሊየምን ወደ ፈሳሽነት የለወጠው በ1908 ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1911 በዚያው ላቦራቶሪ እጅግ የቀዘቀዘ ሜርኩሪ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ሲያሳልፍ ታየ። ሱፐርኮንዳክተር የምንለው ነገር የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የሱፐርኮንዳክተር ድንቅ ነገር ለኛ ጉዳይ ልክ የተመጠነ ይመስላል። በውስጡ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይጓዛሉ፤ እነዚህ ጥንዶች ኤሌክትሪክን ይሸከማሉ፣ ሙቀትን ግን አይሸከሙም። ዊድማንና ፍራንዝ ያገኙት ትስስር እዚህ ላይ ይበጠሳል። ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራ ኬብል ከ9 ኬልቪን በታች ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ በ4 ኬልቪንና በመጨረሻው ደረጃ መካከል ሲዘረጋ ምልክቱን ሳያደክም ሙቀቱን ያግዳል። የቺፗ መልስ እጅግ ደካማ በመሆኑ በመንገድ ላይ መቀነስ የለበትም፤ ስለዚህ ይህ ውድ ኬብል በብዛት የሚዘረጋው በመልሱ መስመር ላይ ነው። ከ9 ኬልቪን በላይ ሲሆን ግን ተአምሩ ይቀራል፤ ላይኛው ክፍል ተመልሶ የአይዝጌ ብረትና የመሰሎቹ ነው።

የመሐል ሽቦው ፈተና

ኮአክሲያል ኬብልን በመጋዝ ቆርጣችሁ ጫፉን ብትመለከቱ ሦስት ነገር ታያላችሁ፦ መሐል ላይ ቀጭን ሽቦ፣ በዙሪያው ነጭ ቴፍሎን፣ ከውጭ ደግሞ የብረት ቱቦ። የውጩን ቱቦ ማቀዝቀዝ ቀላል ነው፤ በየደረጃው ካለው የመዳብ ዝርግ ጋር በማቀፊያ ጠብቆ ይታሰራል፣ ሙቀቱም ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል። የመሐሉ ሽቦ ግን በቴፍሎን ተከቧል፤ ቴፍሎን ደግሞ ሙቀትን በደንብ አያሳልፍም። ውጩ ቀዝቅዞ ሳለ መሐሉ ከላይ ይዞት የወረደውን ሙቀት ይዞ ሊዘልቅ ይችላል።

መፍትሔው በመጋጠሚያው ላይ ማዳከሚያ ማስገባት ነው። በየደረጃው ሁለት ኬብሎች በሚገናኙበት ቦታ የምትገባው ይህች ትንሽ ዕቃ ሁለት ሥራ ትሠራለች። በውስጧ ያለው ስስ ተቃዋሚ ሽፋን የመሐል ሽቦውን ከማቀዝቀዣው ጋር ያገናኛል፤ ሙቀቱ መውጫ ያገኛል። በተጨማሪም ከላይ የሚወርደውን የሙቀት ጩኸት ትቀንሳለች። ይህኛው ሥራዋ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በ300 ኬልቪን ላይ ያለ ማንኛውም ነገር በ5 ጊጋኸርዝ ላይ 1,250 ያህል የሞገድ ቅንጣቶችን ያለማቋረጥ ወደ መስመሩ ይረጫል፤ ኪዩቢት ግን በአንዲት ቅንጣት ይረበሻል።

ስለዚህ መሐንዲሶች በተለያዩ ደረጃዎች ላይ ማዳከሚያ ይደረድራሉ፤ ድምሩ 60 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። ይህም ማለት ከላይ ከተላከው ኃይል ታች የሚደርሰው አንድ ሚሊዮንኛው ነው። ምልክቱ ከላይ በርትቶ ስለሚላክ ይተርፋል፤ ጩኸቱ ግን ይሞታል። የሚቀረው ኃይል ሙቀት ሆኖ በማዳከሚያው ላይ ስለሚቀር፣ ትልቁ ድርሻ የማቀዝቀዣው አቅም ሰፋ ባለበት በ4 ኬልቪን ደረጃ ላይ እንዲቀር ይደረጋል። በመልሱ መስመር ላይ ደግሞ ማዳከሚያ ምልክቱን ራሱን ይገድለዋል፤ በምትኩ ሞገድን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አይሶሌተሮች ይቀመጣሉ።

በክፍተት የሚያልፍ ሞገድ

ከሁሉም መፍትሔዎች ልብ የሚነካው ግን ሁለቱን መስመሮች ጨርሶ አለማነካካት ነው። በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተቀባዮች ውስጥ ሞገድ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ዌቭጋይድ በሚባል ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው። አንዱ ዌቭጋይድ በሞቀው ክፍል፣ ሌላው በቀዘቀዘው ክፍል ሆነው ፊት ለፊት ይገጠማሉ፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ሚሊሜትር ክፍልፋይ የሆነ ክፍተት ይተዋል። አየሩ ተመጥጦ ስለወጣ ብረትም አየርም ሙቀት አያሻግርም። የሁለቱን አሰላለፍ የሚጠብቀው ስስ የፋይበርግላስ ደጋፊ ብቻ ነው።

ታዲያ ሞገዱ በክፍተቱ ለምን አይፈስም? በአንዱ ዌቭጋይድ የመጋጠሚያ ከንፈር (ፍላንጅ) ላይ፣ ከቱቦው አፍ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ርቆ፣ ጥልቀቱም ያንኑ ሩብ ያህል የሆነ ቦይ ይቀረጻል። በክፍተቱ ሊያመልጥ የሞከረ ሞገድ ወደ ቦዩ ገብቶ፣ ከመጨረሻው ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሲመለስ የተጓዘው መንገድ በትክክል የተሰላ ስለሆነ፣ በቱቦው አፍ ላይ ብረት ለብረት የተነካካ ያህል ይሆናል። ለሞገዱ መንገዱ የተያያዘ ነው፤ ለሙቀቱ ግን የተቆረጠ ነው። ጥበቡ ሁለት ገደብ አለው፤ ቦዩ የተሰላው ለተወሰነ ድግግሞሽ ስለሆነ ከዚያ ርቆ አይሠራም፣ የሙቀት ጨረርም ባዶውን ስለሚሻገር በመንገዱ ላይ የሬዲዮ ሞገድን አሳልፎ ጨረሩን የሚያግድ ነገር ማኖር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሳይንስ ያበረከተውን ለማየት ወደ ሆልምደል፣ ኒው ጀርሲ እንሂድ። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በቤል ላቦራቶሪ የቀንድ ቅርጽ ባለው አንቴና ሲለኩ፣ ማመሳከሪያቸው በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ ዕቃ ነበር። ከሂሊየሙ ወደ ክፍሉ ሙቀት የሚወጣው ዌቭጋይድ ራሱ የሚጨምረውን ጩኸት አስልተው መቀነስ ነበረባቸው። ስሌታቸውን ስላመኑት፣ የተረፈውን 3.5 ኬልቪን ያህል ጩኸት የመሣሪያ ስሕተት ብለው አልተዉትም። በ1965 ያሳተሙት ያ ውጤት ዓለም ስትጀመር የቀረ ጨረር መሆኑ ታወቀ፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። የመስመራቸውን ሙቀት በዋዛ ቢያልፉት ኖሮ የጽንፈ ዓለሙን ድምፅ ከኬብላቸው ድምፅ መለየት አይችሉም ነበር።

ነገ የሚወሰነው የት ነው?

ዛሬ ጥያቄው የብዛት ሆኗል። ጉግል በ2019 ይፋ ያደረገው ሲካሞር 53 የሚሠሩ ኪዩቢቶች ነበሩት፤ ለእነሱ እንኳ ከመቶ በላይ ኬብሎች መዘርጋት ግድ ነበር። ለሚሊዮን ኪዩቢት በዚህ መንገድ ኬብል መዘርጋት የሚችል ማቀዝቀዣ የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙ መስመሮችን በስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ ጎን ለጎን ማተምን እየሞከሩ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች በ2021 ትእዛዙን በብርሃን አድርገው በመስታወት ክር ወደ ኪዩቢት አወረዱ፤ መስታወት ሙቀትን በጥቂቱ ብቻ ያሳልፋል። በስዊዘርላንድ ዙሪክ ደግሞ በ2023 ሁለት ኪዩቢቶችን የሚያገናኝ 30 ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ዌቭጋይድ ከዳር እስከ ዳር ወደ ፍጹም ዜሮ ጠርዝ ተቀዝቅዞ፣ የኳንተም ትስስር በዚያ ርቀት ተፈተነ፤ ፈተናውንም አለፈ።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ብይን አንድ ነው። ተፈጥሮ ምልክትንና ሙቀትን በአንድ ተሸካሚ ላይ ጫነቻቸው፤ መሐንዲሶች በቅብ፣ በሱፐርኮንዳክተር፣ በማዳከሚያና በክፍተት አንድ በአንድ ለያዩአቸው። አንዱም መፍትሔ ብቻውን አልበቃም፤ የሠራው ሁሉንም በየቦታው ያስቀመጠ ሰው ነው። ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ መስክ የፊዚክስን ጥልቀትና የእጅ ሥራን ትክክለኛነት በአንድ ላይ የሚጠይቅ ነውና ችላ አትበሉት። ሌሎቻችሁም አዲስ የኳንተም ኮምፒውተር ዜና ስታነቡ የኪዩቢቱን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ፤ በስንት መስመር እንደታዘዙና ሙቀቱ በየት እንደወጣ ጠይቁ። የማሽኑ እውነተኛ ልክ የሚታወቀው ከዚያ መልስ ነው።