በአጨዳና በውቂያ ወቅት የሚያጋጥም ከባድ የደም መፍሰስ እና የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ

በዚህ ማሠልጠኛ ማዕከል ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ድህረ ምርት ብክነት ብዙ ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕስ ግን ምርቱን ስለሚያነሳው ሰው ነው። በመኸር ወቅት ማጭድ ይሳላል፣ ደቦ ይጠራል፣ የመውቂያ ማሽን ከጎጥ ወደ ጎጥ ይዞራል። ስለትና ሞተር ከሰው እጅ ጋር በአንድ አውድማ ሲገናኙ አደጋ አይቀርም። ጤና ጣቢያው ደግሞ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል።

በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ነው፤ ከአንዷ ትንሽ የዘይት ጄሪካን አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ያህሉ ከፈሰሰ ሕይወቱ ከባድ አደጋ ላይ ነው። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ከተቆረጠ ሰውየው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አምቡላንስ አይደርስም። ሊደርስለት የሚችለው አጠገቡ የሚያጭደው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የምንገልጸው ዘዴ በአብዛኛው ከጦር ሜዳ ሕክምና የተገኘ ነው። ቀደም ሲል የሚደማን እጅ ወይም እግር ከላይ አጥብቆ ማሰር አካል ያስቆርጣል እየተባለ የመጨረሻ አማራጭ ብቻ ሆኖ ይሰጥ ነበር። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የነበሩ የአሜሪካ ወታደራዊ ሐኪሞች ግን በጊዜ የታሰረ ቁስለኛ በብዛት እንደሚተርፍ፣ በማሰሪያው ምክንያት ብቻ እግሩን የሚያጣው ደግሞ በጣም ጥቂት እንደሆነ አዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው አገር ለሲቪሉ ሕዝብ ‹ደሙን አቁም› የሚል የሥልጠና ዘመቻ ተጀመረ። መምህሩም ሾፌሩም ይህንኑ መማር ያዙ።

በመጀመሪያ ማሽኑን አጥፉ። ተጎጂውን ለማውጣት የሚሮጥ ሰው ራሱ በማሽኑ ቀበቶ ከተያዘ ሁለት ቁስለኛ ይሆናል። ከዚያ ልብሱን ቀድዳችሁ ቁስሉን እዩ። ደሙ እየፈነጠቀ ወይም ሳያቋርጥ እየወረደ ከሆነ፣ መሬቱ ላይ ከተጠራቀመ፣ ወይም ተጎጂው መቀባዠር ከጀመረ ከባድ የደም መፍሰስ ነው። በእጃችሁ ጓንት ከሌለ ፌስታል አጥልቁ።

ንጹሕ ነጠላ ወይም ሻሽ አጣጥፋችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉና በሁለት እጃችሁ ተጫኑ። ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ነው የምትጫኑት፤ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በየደቂቃው ጨርቁን ገለጥ እያደረገ ‹ቆመ ወይ?› ይላል። ገለጥ ባደረጋችሁ ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም ይነሳል። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳትለቁ ተጫኑ። ጨርቁ በደም ከራሰ ሳታነሱት ሌላ ደርቡና ይበልጥ ተጫኑ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነና በብሽሽት፣ በብብት ወይም በትከሻ አካባቢ ከሆነ ጨርቁን በጣታችሁ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ጠቅጥቁና ከላይ ተጫኑ። ደረትና ሆድ ውስጥ ግን ጨርቅ አይጠቀጠቅም። መንሽ ወይም ሌላ ስለት የተሰካበት ሰው ቢሆን የተሰካውን አትንቀሉ፤ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንዳለ ውሰዱት።

በእጅ ወይም በእግር ላይ ያለ የደም መፍሰስ በመጫን ካልቆመ፣ ወይም ከመጀመሪያውም እየፈነጠቀ ከሆነ፣ የጤና ባለሙያዎች ቱርኒኬት የሚሉትን ማሰሪያ ሥሩ። ከነጠላ ወይም ከመቀነት አራት ጣት ያህል ስፋት ያለው ጨርቅ አዘጋጁ። ሲባጎ፣ ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ስለሚቆርጡ አይሆኑም። ጨርቁን ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ፤ በጉልበት ወይም በክርን መገጣጠሚያ ላይ ግን አይታሰርም። አንድ ጊዜ ከቋጠራችሁ በኋላ አንድ ስንዝር የሚሆን ጠንካራ እንጨት ቋጠሮው ላይ አስቀምጡና ከላዩ ድጋሚ ቋጥሩ። ከዚያ የላላ የአህያ ጭነት ገመድ በእንጨት ጠምዝዛችሁ እንደምታጠብቁት ሁሉ ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙ። እንጨቱ ተመልሶ እንዳይፈታ ጫፉን እሰሩት።

ተጎጂው ይጮኻል፤ ሕመሙ ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ አዝኖለት የሚያላላለት ሰው ይገድለዋል። በግማሽ የታሰረ ማሰሪያ ደም ወደ ቁስሉ እንዲወርድ እየፈቀደ እንዳይመለስ ስለሚያግድ ካለመታሰር ሊብስ ይችላል። የታሰረበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ወይም በከሰል ግንባሩ ላይ ወይም እጁ ላይ ጻፉ። በመንገድ ላይ ‹ትንሽ ይተንፍስ› ተብሎ አይፈታም፤ የሚፈታው በጤና ተቋም በባለሙያ ነው።

በሥልጠና ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ‹እግሩ ቢሞትስ?› የሚል። ጥያቄው ትክክል ነው። እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከደረሰ በአብዛኛው እግሩ ጉዳት አይደርስበትም፤ ሰዓቱ ሲረዝም አደጋው ይጨምራል። ለዚህ ነው ሰዓት የሚጻፈው፣ ለዚህም ነው ቃሬዛ በቶሎ የሚያስፈልገው። በሩቅ ያለ ቀበሌም ቢሆን ማሰሪያውን መተው መፍትሔ አይሆንም፤ ደሙ ያለቀበት ሰው እግሩ ቢድንም አይጠቅመውም።

ቁስሉ ላይ ቡና መነስነስ፣ አመድ፣ እበት ወይም ነጭ ጋዝ ማድረግ በየአካባቢያችን የተለመደ ነው። ቡናው የፈሰሰውን ደም ሸፍኖ ያቆመ ያስመስላል እንጂ የተቆረጠ ደም ቅዳን አይዘጋም። እበትና አፈር ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተህዋስ የሚገኝባቸው ናቸው። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ለዚህ በሽታ ይከተባሉ፤ ወንዶቹ ግን ይዘነጋሉ። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ ደሙ ቢቆምም፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ።

ደሙ ከቆመ በኋላ ተጎጂውን አስተኝታችሁ ጋቢ አልብሱት፤ ደም ያነሰው ሰው ፀሐይ ላይ ሆኖም ይበርደዋል። ምግብም፣ ጠላም፣ አረቄም አይሰጠው። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ይህ ማሰሪያ ለእባብ ንድፊያ አይሆንም። አጨዳ ላይ እባብ የነደፈው ሰው ሲገኝ ብዙዎች እግሩን ከላይ ያስሩና በምላጭ ይበጣሉ። የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚያበላሽ በመሆኑ ማሰሩ መርዙን በአንድ ቦታ አቁሮ እግሩን የባሰ ይጎዳል፤ መብጣቱም ሌላ ደም መፍሰስና ምርቀዛ ያመጣል። በአፍ መምጠጥም አይጠቅምም። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ሰውየውን ሳታስሮጡ በቃሬዛ ውሰዱ። እባቡን ለመግደል ስታሳድዱ ጊዜ አታባክኑ።

በየልማት ቡድናችሁ ከአጨዳው በፊት የሚከተለውን አዘጋጁ። ታጥቦ የደረቀ ሁለት ነጠላ፣ አራት ጣት ስፋት ያለው የተሰፋ ጨርቅ፣ አንድ ጠንካራ እንጨት፣ ፌስታልና እስክሪብቶ በአንድ ከረጢት አድርጋችሁ አውድማው አጠገብ አንጠልጥሉ። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወስዳችሁ ቢያንስ ሦስት ሰው ስልኩ ላይ ይመዝግብ፤ ኔትወርክ የሚይዘው የትኛው ጉብታ ላይ እንደሆነም ቀድማችሁ ተስማሙ። የእድሩ ቃሬዛ ማን ቤት እንዳለ እወቁ። በሚቀጥለው የቡድን ስብሰባ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ማሰሩን ተለማመዱ፤ በልምምድ ጊዜ ጨርቁን ጠበቅ እስኪል ብቻ ጠምዝዛችሁ ወዲያው ፍቱት። ሴቶችና ከፍ ያሉ ልጆችም ይለማመዱ፤ አደጋው ሲደርስ ቅርብ ያሉት እነርሱ ሊሆኑ ይችላሉ።