ከቡና በላይ፦ ወንጪ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር

ጅማ ላይ ጓደኛሞች ተሰብስበው አንዱ «እስቲ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን እንደር!» ሲል፣ ሌላው ወዲያው «ቦዬ!» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ ጊቤ ይሻላል» ይላል። ሁለቱም ቅርብ ናቸው፣ ለዓይንም ያምራሉ። ለማደር ግን አንዳቸውም አይሆኑም። ለምን እንደማይሆኑ ላስረዳችሁና ከዚያ ተነሥተን የሚሆነውን እንፈልግ፤ ነገሩ ከምታስቡት በላይ ደስ ይላል።

በከተማዋ ጥግ ያለው የቦዬ ረግረግ ጉማሬ አለበት። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውልና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ የሚወጣውም በለመደው መንገድ ነው። መንገዱ ላይ ድንኳን ሲያገኝ ዞሮ ይሄዳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ግልገል ጊቤ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከኋላው ሰፊ ውሃ ተኛ፤ የቆመ ውሃ ባለበት ደግሞ የወባ ትንኝ አትጠፋም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለዚህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ቀረብ ብለው የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይልቅ ለወባ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ምድር ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሸቤ፣ ቡና የሚወደው አገር በሙሉ ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ለቡና የሚስማማው ከፍታ ለትንኟም ይስማማታል ማለት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ሐይቅ ከቡናው በላይ ያለ መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ሐይቅ ደግሞ ዘወትር የምንመላለስበት መንገድ አጠገብ አለ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትነሡ አሰንዳቦንና ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ጊቤ በረሃ ትወርዳላችሁ፤ እዚያ የመኪናውን መስኮት ያልከፈተ የለም። ከጊቤ ወንዝ ድልድይ በኋላ ወደ ወልቂጤ ትወጡና ወሊሶ ትደርሳላችሁ። ከወሊሶ በአምቦ መንገድ ሽቅብ ሲታጠፉ ቡናው ከቀረ ቆይቷል፤ እንሰት፣ ገብስና ድንች ይጀምራል። ወንጪ እዚያ ነው። የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውሃ ሞልቶበት የቀረ ሐይቅ ነው፤ ጠርዙ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ውሃው ራሱ ወደ 2,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተኝቷል። ዛሬም ከምድሩ ፍል ውሃ ይወጣል። ሐይቁ መካከል ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ፣ በጀልባ ያሻግራሉ፣ መንገድ ይመራሉ። ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር መዝግቦታል። ጎረቤቱ ደንዲም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ከላይ ሲታይ የ8 ቁጥር ቅርጽ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቡድን ግን እኔ ወንጪን እመርጣለሁ፤ የሚጫን ፈረስም የሚጠየቅ ሰውም አይጠፋም።

አሁን አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ 1,100። በጅማና በወንጪ ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በሜትር ይህን ያህል ነው። የምትለብሱት፣ የምትበሉት፣ ድንኳን የምትተክሉበት ቦታ፣ የቡናችሁም ጣዕም ሳይቀር ከዚህ ቁጥር ይመነጫል።

ከብርዱ እንጀምር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ለእኛ 1,100 ሜትር ሲሰላ 7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጅማ 8 ወይም 9 ዲግሪ ስትገባ እኛ ጋቢ ደርበን «ዘንድሮ ብርዱ ጉድ ነው» እንላለን። ከዚያ ላይ 7 ቀንሱ። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ቢያዩ የማይገርማቸው የወንጪ ሰዎች በርኖስና ብርድ ልብስ ደርበው የሚሄዱት ለጌጥ አይደለም።

ግን በአንድ ተራራ ውስጥም ብርዱ እኩል አይደለም፤ እኔን በጣም የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው መሬቱ ነው። መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ሲከብድ በገደሉ ላይ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል። ወንጪ ደግሞ ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነውና የፈሰሰው ብርድ በቀላሉ አይወጣም፤ ታች ይጠራቀማል። ሐይቁ ግን ቀን የዋጠውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ሌሊቱን ከዳሩ መሬት ይልቅ ሞቅ ይላል። ለብ ካለው ውሃ የሚነሣው እንፋሎት ከላይ ቀዝቃዛውን አየር ሲያገኝ ጭጋግ ይሆናል፤ ንጋት ላይ ሐይቁ ነጭ ለብሶ የሚታየው ለዚህ ነው። ታዲያ ድንኳኑ የት ይተከል? ጠርዙ ላይ አይሆንም፣ ነፋሱ አያስተኛም። የመጨረሻው ዝቅታ ላይም አይሆንም፣ ብርዱ የሚተኛውም መሬቱ የሚረጥበውም እዚያ ነው። ከውሃው ጥቂት ሜትር ከፍ ያለች፣ ጀርባዋን ቁጥቋጦ የከለላት፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚነካት ደልዳላ ፈልጉ። እግረ መንገዳችሁን ምሥራቁ በየት በኩል እንደሆነ ገና በብርሃን ለዩ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ስለ ድንኳኑ ስናወራ ከመካከላችን ሁልጊዜ አንድ ብልጥ ይነሣል፦ «የእድሩን ድንኳን ለምን አንዋስም? ሃምሳ ሰው ይይዛል!» ይይዛል፤ ግን ያበርዳል። እድር ድንኳን የተሠራው ለቀን ፀሐይና ለዝናብ ነው፤ ወለል የለውም፣ ጎኑ ክፍት ነው፣ ውስጡ ያለው አየር ብዙ ነው። ሰው በእንቅልፉ የሚያሞቀው የራሱን ዙሪያ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ሰው የሚያስተኛ ዝቅ ያለ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰው ቢገባ ይሻላል። ብዙ ከሆናችሁ እድር ድንኳኑን ማዕድ ቤትና መቀመጫ አድርጉት፣ ማደሪያው ግን ትንንሾቹ ይሁኑ። አሰፋፈሩን እንኳ ከቀድሞ ሰዎች መውሰድ ይቻላል። የነገሥታቱ ሠራዊት ሲሰፍር የንጉሡ ድንኳን መሐል፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ነበር፤ በጨለማ የመጣ ሰው ሳይቀር የጌታውን ድንኳን አያጣውም። እናንተም መቀመጫውን መሐል አድርጋችሁ ማደሪያዎቹን ዙሪያውን ብትተክሉ፣ ማዕድ ቤቱን ነፋሱ ጭሱን ወደ ድንኳኖቹ በማያመጣበት በኩል ብታደርጉ፣ ሌሊት ለሽንት የወጣ ሰው የሰው ድንኳን ገመድ አይጠልፈውም።

ሌሊት ላይ ሁሉም የሚሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ በረደን ብሎ የድንኳኑን ቀዳዳ ሁሉ መዝጋት። እያንዳንዱ ሰው እስኪነጋ በትንፋሹና በቆዳው ከአንድ ብርጭቆ በላይ ውሃ ያወጣል። ያ እንፋሎት መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ተመልሶ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ የረጠበ ብርድ ልብስ ደግሞ አያሞቅም። ከላይ ያለችውን ትንሿን መስኮት ከፍታችሁ ተኙ።

ከሸራው ይልቅ ግን ብርዱ የሚገባው ከታች ነው። የተኛንበት ብርድ ልብስ በክብደታችን ይጨፈለቃል፤ የሚያሞቀን በውስጡ የነበረው አየር ነበርና አየሩ ሲወጣ ሙቀታችንን መሬት ይጠጣዋል። ስለዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ከታች ማድረግ አለበት፤ ሁለቱንም ከላይ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ያደረ ስንቱን አይቻለሁ! ስፖንጅ ፍራሽ ካለ ግሩም ነው። ከሌለም ከድንኳኑ ሥር ጭድ መጎዝጎዝ ይቻላል፤ ከገበሬው ጠይቃችሁ፣ ከፍላችሁ። አያቶቻችን ዘመቻ ላይ ሣር ጎዝጉዘው ጀንዲ አንጥፈው ይተኙ የነበረው በዚሁ ብልሃት ነው።

አሁን ወደ ቡናው። የጅማ ልጅ ጀበናውን ጥሎ የትም አይሄድም። ወንጪ ላይ ግን ያቺው ቡና፣ በዚያው ጀበና፣ በዚያችው እጅ ተፈልታ ቀጠን ብላ ትወጣለች፤ ሰውም ሁሉ በቡናዋ ያሳብባል። ጥፋቱ የቡናው አይደለም። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት ከላይ የተጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። አየሩ ሲሳሳ መግፋቱ ይቀላል፣ ስለዚህ ውሃው ገና ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ጅማ ላይ በ94፣ ወንጪ ዳር በ90 ገደማ ይፈላል። ከሰሉን የቱንም ያህል ብታራግቡት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በዓለም ቡና ለማፍላት የሚመከረው የውሃ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው፤ እንግዲህ ጅማ በተፈጥሮዋ ከልኩ ውስጥ ገብታለች፣ ወንጪ ከጠርዙ ላይ ነው። መላው ቀላል ነው፦ ከቤት ይልቅ አድቅቃችሁ ውቀጡ፣ ከገነፈለ በኋላ መልሳችሁ ትንሽ አቆዩት፣ ሳትቸኩሉ ይስከን። አቆላሉ ግን እንደ ጅማው ነው፤ ምጣዱ ላይ በፈላ ውሃ የሚወሰን ሙቀት የለምና። በነገራችን ላይ አቦሉን ወዲያው ጠጡት፣ በዚያ ብርድ ስኒ ውስጥ አይቆይም።

ለምግቡም ነገሩ ያው ነው። በ90 ዲግሪ ውሃ የባቄላ ወይም የሽምብራ ንፍሮ ማብሰል የትዕግሥት ፈተና ነው፤ ማገዶም ይጨርሳል። ፕሬሸር ኩከር ያለው ሰው ድስቱ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከፍ ስለሚያደርግ ይገላገላል። እኔ ግን የማይፈላ ስንቅ እመክራለሁ፦ ጭኮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ጭኮ በተለይ ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ይመስላል፤ ገብሱና ቅቤው ሰውነት ሌሊቱን ሙሉ የሚያነደው ማገዶ ነው። ለእራት ሽሮ ይበቃል።

ጊዜውን በተመለከተ ክረምቱን ተዉት፤ ጭቃው ፈረስ ያንሸራትታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን የሚከፋውም ያኔ ነው፤ ደመና የሌለበት ሌሊት የመሬቱን ሙቀት የሚይዝለት የለም። ቀን ደግሞ ፀሐይዋ በሳሳው አየር አልፋ ስለምትመጣ ታቃጥላለች፤ ባርኔጣ ያዙ። የምትሰፍሩበት ሜዳ የሆነ ሰው ግጦሽ ወይም ማሳ መሆኑን አትርሱ፤ ከመትከላችሁ በፊት ጠይቁ፣ ዋጋውንም ተነጋገሩ። መጸዳጃችሁ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፣ ሳሙና ሐይቁ ውስጥ አይግባ፤ ከዚያ የሚቀዳና ከብት የሚያጠጣ አለ።

የመጨረሻው ነገር ቀልድ የለበትም። ሌሊቱ ሲከፋ «ፍሙን ትንሽ ወደ ውስጥ እናስገባ፣ ጭሱ አልቋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ከፍም ላይ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ አይደለም፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዝበታል፣ ከኦክስጅን ይልቅም ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ወንጪ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ትርፍ የለንም። ራስ ምታትና ድካም ይጀምርና እንቅልፍ ይመስላል፤ የተኛውም አይነቃም። በየዓመቱ በየከተማው ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደ ሰው ሲሞት እንሰማለን፤ ድንኳን ከቤት የጠበበ ነው። የበረደው ሰው ቢኖር የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግሩ ሥር አድርጉለት፣ ጭኮም ስጡት። ፍሙ ግን ምንም ቢበርዳችሁ ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ውሃ አፍስሳችሁበት ተኙ።