ርቀቱ ይምረጥ፦ የሾትጋን ጥይትና ቾክ ለትናንሽ አደን

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የትናንሽ እንስሳት አደን ወቅት ይከፈታል። በፔንሲልቫኒያና በአጎራባች ግዛቶች ጥንቸልና ስኩዊረል በብዛት የሚታደኑት በሾትጋን ነው። ስኩዊረልን በአማርኛ ሽኮኮ የሚሉት አሉ፤ ሽኮኮ ግን ጭራ የሌለው የገደልና የድንጋይ ነዋሪ ነው፤ ይኼኛው ጭራው የጎፈረ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል የዛፍ እንስሳ ነው። ጥንቸልም ሽኮኮም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ስለተቆጠሩ ለብዙ አንባቢያችን የጥንቸል ወጥ እንግዳ ነገር ነው። እዚያ ግን አዳኙ የሚተኩሰው ሊበላው ነው፤ ስለዚህ እንስሳውን መጣል ብቻ አይበቃውም። ሳያሠቃይ መጣል አለበት፤ ሥጋውንም በእርሳስ መበሳሳት የለበትም። እነዚህን ሁለት ግዴታዎች አንድ ላይ የሚያሟላው የጥይትና የቾክ ምርጫ ነው። ምርጫው መጀመር ያለበት ደግሞ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ካለው የካርቶን ጽሑፍ ሳይሆን አዳኙ በእውነት ከሚተኩስበት ርቀት ነው።

ምንሽር ወይም ክላሽ ለሚያውቅ ሰው ሾትጋን ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። የምንሽር አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው፤ አንዷን እርሳስ እያሾረ ይልካታል። የሾትጋን አፈሙዝ ግን ውስጡ ልስልስ ነው፤ በአንድ ተኩስ መቶዎች ትናንሽ የእርሳስ ፍሬዎችን ይበትናል። አፈሙዙ የሚለካው ጌጅ በሚባል ቁጥር ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል። ይህ ግራ የሚያጋባው ልኩ ከድሮ ዘመን የተወረሰ በመሆኑ ነው፦ በአፈሙዙ ስፋት ልክ የተሠሩ ድቡልቡል እርሳሶች ስንት ሲሆኑ አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ የሚለው ጥያቄ መልስ ነው ቁጥሩ። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 20 ጌጅ ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። 410 የሚባለው ብቻ ከዚህ ሥርዓት ይወጣል፤ እሱ ቀጥታ በኢንች የተለካ፣ 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብ አፈሙዝ ነው። የ20 ጌጅ ጥይት ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ለጌጥ አይደለም። በስሕተት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ተንሸራትቶ አፈሙዙ መካከል ይሰነቀራል፤ አዳኙ ጠመንጃው ባዶ መስሎት የ12 ጌጅ ጥይት ከኋላው አጉርሶ ከተኮሰ አፈሙዙ እጁ ላይ ይፈነዳል። ሁለቱን ጥይቶች በአንድ ኪስ አለመያዝ ከሁሉም ምርጫ የሚቀድም ነገር ነው።

ቾክ ማለት በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ጥበት ናት። ከቱቦ የሚወጣ ውኃ ጫፉን በጣት ሲጫኑት ቅርጹን እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ይህች ጥበት የፍሬዎቹን መንጋ ሰብሰብ አድርጋ ታስወጣለች። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የእንግሊዙ የኒውካስል ጠመንጃ ሠሪ ዊልያም ሮቼስተር ፔፕና አሜሪካዊው ሲልቬስተር ሮፐር በየፊናቸው የፈጠራ መብት አወጡበት፤ የኢሊኖዩ ዳክዬ አዳኝ ፍሬድ ኪምብልም ስሙ ከዚሁ ጋር ይነሣል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። በ12 ጌጅ ላይ ጥበት የሌለው ሲሊንደር ይባላል፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል የጠበበው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የጠበበው ሞዲፋይድ፣ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር የተጠጋው ደግሞ ፉል ነው። መለኪያቸው የታወቀ ነው፦ በ40 ያርድ፣ ማለትም 37 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከፍሬዎቹ ስንት በመቶው ያርፋል? በተለምዶ ለሲሊንደር 40፣ ለኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ለሞዲፋይድ 60፣ ለፉል 70 በመቶ ይባላል። ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ይገርማል፤ ሰዎች በቾክ ላይ ከሚገባው በላይ እምነት የሚጥሉትም ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄው ግን የአሜሪካው ጥንቸል በ37 ሜትር ይተኮሳል ወይ የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይተኮስም። ኮተንቴይል የሚባለው ይህ ጥንቸል ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጦ ይቆይና እግር ሥር ሲደረስበት ይፈተለካል፤ ቢግል በሚባሉት ጆሮ ረጃጅም ውሾች ሲባረር ደግሞ ከሚያውቀው ሰፈር ርቆ አይሄድም፤ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። አዳኙ የሚያየው ከ15 እስከ 25 ሜትር ባለው ርቀት፣ በቁጥቋጦ መካከል፣ ለአንድ አፍታ ነው። በ18 ሜትር ላይ የፉል ቾክ ክብ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ የኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ደግሞ 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስፋቱን በካሬ ካሰብነው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል፤ የአዳኙ ዓይንና እጅ ጥቂት ቢሳሳቱ የሚሸፍንላቸው ቦታ ያን ያህል ነው ማለት ነው። 6 ቁጥር የሚባለውን፣ 2.8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፍሬ 32 ግራም የያዘ ጥይት 250 ያህል ፍሬ አለው። በፉል ቾክ ክብ ውስጥ ለእያንዳንዱ 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ፍሬ ይደርሳል፤ ጥንቸሉ መሐል ላይ ከዋለ ሥጋው ተበጣጥሶ ለወጥ አይሆንም፤ ጠርዝ ላይ ከዋለ ደግሞ ያመልጣል ወይም ቆስሎ ይሄዳል። በኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ለ13 ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ፍሬ ይደርሳል፤ ይህም ለአንድ ጥንቸል ከበቂ በላይ ነው። ሰፊው ቾክ እዚህ ላይ ሥጋውንም ተኩሱንም ያድናል።

የተለመደው ተቃውሞ «ጠባብ ቾክ ኃይል ይጨምራል፣ ሩቅ ይመታል» የሚል ነው። ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ እውነት ነው። ቾክ ለፍሬዋ ጉልበት አይጨምርላትም፤ የእያንዳንዷ ፍሬ ጉልበት ከክብደቷና ከፍጥነቷ ይመጣል፤ እነዚህን የሚወስነው ጥይቱ ነው። ጠባቡ ቾክ የሚያደርገው ፍሬዎቹ ቶሎ እንዳይበታተኑ ማድረግ ነው፤ በዚህ በኩል ሩቅ ማድረሱ እውነት ነው። ስኩዊረልን ያየን እንደሆነ ይኸው እውነት ይጠቅመናል። ስኩዊረል ቅጠሉ በረገፈ ዛፍ አናት ላይ፣ ከ30 እስከ 35 ሜትር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ብሎ ይታያል። ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ቆዳው ግን ጠንካራ ነው። እዚህ ላይ ሰፊ ቾክ በፍሬዎቹ መካከል እንስሳውን የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል፤ ሞዲፋይድ ወይም ፉል ተገቢ ነው። እንግዲህ አንዱ ቾክ ጥሩ ሌላው መጥፎ አይባልም። የጥንቸሉ 20 ሜትርና የስኩዊረሉ 35 ሜትር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ዛሬ በአብዛኛው ጠመንጃ ላይ ቾኩ ባለ ጥርስ፣ በማዞር የሚፈታ ቱቦ በመሆኑ ለመለወጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በተጫነ ጠመንጃ ላይ ግን ቱቦ አይነካም፤ ያለ ቱቦም አይተኮስም፣ ጥርሱ ይበላሻልና።

የፍሬ ቁጥርም እንደ ጌጁ ተገልብጦ የሚነበብ ነው። በአሜሪካው አሠራር ቁጥሩን ከ17 ሲቀንሱት የፍሬዋ ስፋት በመቶኛ ኢንች ይገኛል፤ 6 ቁጥር 0.11 ኢንች ማለትም 2.8 ሚሊ ሜትር፣ 4 ቁጥር 3.3 ሚሊ ሜትር፣ 7 ተኩል ደግሞ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም እርሳስ፣ 4 ቁጥር 135፣ 6 ቁጥር 225፣ 7 ተኩል 350 ፍሬ ገደማ ይወጣል። «ብዙ ፍሬ ካለ ለምን ትልልቁን እመርጣለሁ?» የሚል አዳኝ ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ በ20 ሜትር ጥንቸል ላይ 7 ተኩል በደንብ ይሠራል። ድቡልቡል ፍሬ ግን አየር በቶሎ ያዘገየዋል፤ ትንሿ ደግሞ ከትልቋ ይልቅ ፈጥና ትደክማለች። የ6 ቁጥሯ ፍሬ ከ7 ተኩሏ አንድ ተኩል እጥፍ ትከብዳለች፤ በ35 ሜትር በስኩዊረል ቆዳ ላይ ይህ ልዩነት ጠልቆ በመግባትና ቆዳ ሥር በመቅረት መካከል ያለ ነው። ወደ 4 ቁጥር መሄድም ዋጋ አለው፤ ፍሬው ያንሳል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ትንሽ እንስሳ በክፍተት ውስጥ ያልፋል። ለሁለቱም እንስሳት አንድ ካርቶን ብቻ ግዛ ብባል 6 ቁጥርን እገዛለሁ፤ በቂ ብዛትም በቂ ክብደትም የሚገናኙባት ቁጥር እሷ ናትና።

ማግነም የሚለውን የካርቶን ጽሑፍ ደግሞ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የ12 ጌጅ የተለመደ ጥይት ርዝመቱ 70 ሚሊ ሜትር፣ ማግነሙ 76 ነው። በረዘመው ቀለህ ውስጥ በዋናነት የተጨመረው ፍሬ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ከተለመደው አይበልጥም፤ እንዲያውም ያነሰበት አለ። በ20 ሜትር ጥንቸል ላይ ይህ ጭማሪ ትርፉ ትከሻ መምታትና ሥጋ ማበላሸት ነው። ጠመንጃው ለ70 ሚሊ ሜትር የተሠራ ከሆነ ረጅሙን መጠቀም አደጋ ነው፤ የቀለሁ አፍ ሲተኮስ የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ ግፊቱን ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የቀለሁ የነሐስ ቆብ ረጅም መሆንም ዛሬ የኃይል ምልክት አይደለም፤ ቀለህ ከወረቀት በሚሠራበት ዘመን ብርቱ ባሩድን ለመቋቋም የተደረገ ነገር ነው፤ በፕላስቲክ ዘመን ልማዱ ብቻ ቀርቷል። ገንዘብ የሚገባው ሌላ ነገር ላይ ነው፦ የፍሬው ጥንካሬ። ለስላሳ እርሳስ ባሩዱ ሲገፋው ይደፈጠጣል፤ የተደፈጠጠ ፍሬ ደግሞ አየር ላይ ከመንጋው ይወጣል። አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን የተጨመረበት ጠንካራ እርሳስና እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተለመደው፣ ፍሬውን ከአፈሙዙ ግድግዳ የሚጠብቀው የፕላስቲክ ኩባያ፣ ክቡን ሙሉ ያደርጉታል። ጠንካራ ፍሬ በሞዲፋይድ ቾክ ለስላሳ ፍሬ በፉል ከሚሰጠው ያልተናነሰ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቾክን ከጥይት ለይቶ መምረጥ ትርጉም የለውም።

ከዚህ የተነሣ በቾኩ ላይ የተጻፈው ስም ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የአፈሙዞች ውስጣዊ ስፋት ከፋብሪካ ፋብሪካ በጥቂቱ ይለያያል፤ አንድ ዓይነት ቱቦ በአንዱ ጠመንጃ ላይ ያለው ጥበት በሌላው ላይ ካለው ይለያል። ሁለት ኩባንያዎች ያወጡት የ6 ቁጥር ጥይት እንኳ በዚያው ጠመንጃ የተለያየ ክብ ይሠራል። ፍርዱን የሚሰጠው ወረቀት ነው። ኋላው አስተማማኝ በሆነ የተኩስ ቦታ ላይ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወረቀት ተወጥሮ መሐሉ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከሚታደንበት ርቀት ይተኮሳል። ከዚያ ፍሬው በጣም በተጠቀጠቀበት ዙሪያ 76 ሴንቲ ሜትር ክብ ይሣልና ይቆጠራል። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ ክፍተቱን አያለሁ፦ በካርቶን የተቆረጠ የስኩዊረል ቅርጽ በክቡ ላይ ሲንቀሳቀስ ከሦስት ያነሰ ፍሬ የሚያገኝበት ቦታ አለ? ካለ ወይ ቾኩ ይጠብባል፣ ወይ ጥይቱ ይለወጣል፣ ወይ ርቀቱ ይቀንሳል። አንድ ተኩስ ግን አይበቃም፤ በዚያው ጥይት ሦስት አራት ወረቀት ያስፈልጋል፣ ክቦች ከተኩስ ተኩስ ይለያያሉና። «አደን የልምድ ነገር ነው፣ አባቶቻችን ወረቀት ሳይቆጥሩ አድነዋል» የሚል ይኖራል። አድነዋል፤ ቆስሎ ጉድጓድ ገብቶ የሞተውን ጥንቸል ግን ማንም አልቆጠረውም፤ ልምድ የሚያስተምረው የታየውን ብቻ ነው።

የእርሳሱን ነገር ሳያነሡ ይህን ምርጫ መጨረስ አይቻልም። ዳክዬዎች ምግባቸውን የሚፈጩበት ጠጠር መስሏቸው ረግረግ ውስጥ የወደቀ የእርሳስ ፍሬ ይውጣሉ፤ ይመረዛሉም። ተመራማሪው ፍራንክ ቤልሮዝ እ.ኤ.አ. በ1959 በኢሊኖይ ያወጣው ጥናት ይህን ጉዳት በሰፊው ካሳየ በኋላ ብዙ ክርክር ተደርጎ፣ አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ የውኃ ወፎችን በእርሳስ ማደንን በመላ አገሪቱ ከለከለች። ካሊፎርኒያ በ2019 ክልከላውን ወደ አደን ሁሉ አስፋፋች። በብዙዎቹ ሌሎች ግዛቶች ጥንቸልና ስኩዊረል ዛሬም በእርሳስ ይታደናሉ። እርሳስ ሰውንም ስለሚመርዝ፣ ሥጋው ለልጆች ማዕድ የሚቀርብ ከሆነ ግን ሕጉ ባያስገድድም ከብረት የተሠራ ፍሬን መሞከር ተገቢ ነው እላለሁ። «ብረት ቀላል ነው፣ አይገድልም» የሚለው ተቃውሞ መልስ አለው። ብረት ከእርሳስ በሲሶ ገደማ ይቀላል፤ ስለዚህ ፍሬዋን በሁለት ቁጥር ማተለቅ ልማድ ሆኗል፤ በእርሳስ 6 የነበረ በብረት 4 ይሆናል፤ ርቀቱም ይቀንሳል። በ20 ሜትር ጥንቸል ላይ ይህ ምንም አያጎድልም። ብረት ስለማይደፈጠጥ ክቡ በራሱ ጠበቅ ይላል፤ ሰፋ ያለ ቾክ ይበቃዋል። ለብረት ባልተሠራ አሮጌ ጠመንጃ፣ በተለይ አፈሙዙ ስስና ቾኩ ፉል ከሆነ፣ ብረት ሊያሳብጠው ወይም ሊሰነጥቀው ስለሚችል ባለቤቱ ቢስመዝ ከሚባለው ማዕድን የተሠራ ፍሬ ይፈልግ፤ ከእርሳስ ብዙ አይቀልም፣ አፈሙዝም አይጎዳም፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ያም ሆነ ይህ ማዕድኑ ሲለወጥ ክቡም ይለወጣል፤ ከአደኑ በፊት ወረቀቱ እንደገና ይወጠራል።